በእሷ ስም የቆምኩባቸው ሰዓቶች

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አንድ የሐበሻ ሬስቶራንት ውስጥ አምስት ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ። የሬስቶራንቱን ባለቤት እትዬ ነበር የምላቸው። አንድ ቀን ሽንኩርት ስከትፍ መጡና አጠገቤ ቆሙ። የእህታቸው ልጅ ባሏን ከአገር ቤት ልታመጣ ነው፤ ኢሚግሬሽን ደግሞ ሥራ እንዳለሽ በደሞዝ ቼክ አሳዪ ይላል። ልጅቷ ኮሌጅ ነው የምትውለው፣ ኩሽናችን ውስጥ ማንኪያ አንስታ አታውቅም።

«ያንቺን ሰዓት በሷ ስም ላድርገውና ላንቺ በእጅሽ ልስጥሽ። ትዳር ማቆም እኮ ጽድቅ ነው የኔ ልጅ» አሉኝ።

እምቢ ብል ሰው ምን ይለኛል! ኦኬ አልኩ። በሳምንት አርባ ሰዓት እየቆምኩ ለኔ ስድስቷን ብቻ ጻፉልኝ፤ ሌላው በሙሉ ለሷ። ዓመት ከምናምን እንዲህ ሄደ። ዘይት ሲያቃጥለኝ እንኳ በወረቀት የተቃጠለችው እሷ ነበረች።

ከዚያ ሬስቶራንቱ ተዘጋ። ዌስት አዳምስ ሰፈር የተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበረችኝ፤ አከራዬ ከወሩ መጨረሻ በላይ እንደማይታገሠኝ ቁርጡን ነገረኝ። ሶ፣ ለሥራ አጥ አበል አፕላይ አደረግኩ። በስልክ አስተርጓሚ አገናኙኝ፣ የኛው አገር ልጅ። የአበል ቢሮው ሰውዬ ብዙ ተናገረ፤ አስተርጓሚዋ አሳጠረችው።

«እህቴ፣ ባለፈው ዓመት በስምሽ የተመዘገበው ሥራ አይበቃም ነው የሚለው።»

«ሠርቻለሁ እኮ! ካላመነኝ ወገቤን ይጠይቅ በይልኝ!»

አልተረጎመችልኝም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ውሸት ነው። ሞኟ ለቅቄያለሁ፤ ያልለቀቀው ወረቀቱ ነው።

እትዬ ቤት ሄጄ እውነቱን ጽፈው እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። «ባሏ ቪዛ አግኝቶ ትኬት ከቆረጠ በኋላ? ጉድ ልታደርጊን ነው እንዴ?» አሉና ለቅሶ ጀመሩ። ማልቀስ የኔ ተራ ነበር፣ እሱንም ወሰዱብኝ። ጭራሽ እኔው አባብያቸው ወጣሁ።

ክፍሏን በለቀቅኩ ዕለት እትዬ ደወሉልኝ። ባልየው ገብቷል፣ ለእንኳን ደህና መጣህ ዶሮ የሚሠራ ሰው ጠፍቷል፣ ካንቺ ሌላ ማን አለን? ዕቃዬን መኪናዬ ላይ እንደጫንኩ ሄጄ ሠራሁላቸው፤ ይሉኝታ ይግደለኝ። ምግቡ ሲቀርብ ልጅቷ ወደ ኩሽና መጥታ አቀፈችኝ፣ ባሏንም እጁን ይዛ አመጣችው።

«ተዋወቃት፣ እዚያ ሬስቶራንት አብረን ነበር የምንሠራው» አለችው።