የዋጥኳት ስም

ይህን ነገር ከአንድ ሰው በቀር ከአፌ የሰማ የለም፤ እሱም የሰማው ትናንት ነው። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ጾም በገባ ቁጥር ጥቃቅኑን ለቃቅሜ አቀርብላቸዋለሁ፤ ሰው አማሁ፣ ሰንበት ሻርኩ፣ ጎረቤቴን ተቆጣሁ እላለሁ። ትልቁን ሆዴ ውስጥ እንደያዝኩ «ይፍቱኝ» ብዬ መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። እናንተ የማላውቃችሁ ሰዎች ናችሁና ለእናንተ ስናገር ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ጀመርኩ። አልቀለለኝም። ከጧት ጀምሮ ወረቀቱ ፊት እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። መሠረተ ትምህርት ያስቆጠረኝ ፊደል ለዚህ ቀን ይሆነኛል ብዬ መች አሰብኩ?

ሁለት ልጆች ገድያለሁ። እንዲህ ብዬ ልጀምረው፤ አለዚያ ዙሪያውን ስዞር መምሸቱ ነው።

ስሜ ትርንጎ ነው። ቢቸና ገብታችሁ «ዘር ቆጣሪዋ» ብትሉ ሕፃን ልጅ ደጄ ድረስ ያመጣችኋል። በእኛ አገር ወንድና ሴት ከመታጨታቸው በፊት ዘራቸው ይቆጠራል። በአንዱ ወገን እንኳ እስከ ሰባት ቤት ከተገናኙ እኅትና ወንድም ናቸው፣ ጋብቻ የለም፤ በሁለቱም ስምንት ከደረሰ ባዳ ናቸው፣ ይጋቡ። ይህን የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ሽማግሌዎች ናቸው። አባቴ ግን ወንድ ልጅ ስላልነበረው ለእኔ አወረሰኝ። ሌላው መሬትና ከብት ሲወርስ እኔ ስም ወረስኩ። ከቢቸና እስከ ሞጣ ማን ከማን እንደተወለደ በቃሌ እወጣዋለሁ። እኔ ከቆጠርኩ በኋላ ሌላ ቆጣሪ አይጠራም ነበር። ኩራቴ ይህ ነው። ሌላ ምን ነበረኝ? አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ አልወለድኩም።

አለመውለዴ ነው ጣጣውን ያመጣው እንዳልል፣ እሱ አይደለም። አንዲት ሴት የተናገረችኝ ነገር ነው። እሱም አይደለም፤ እኔ ነኝ። አያችሁ? ገና ከአሁኑ ጥፋቴን የማሸክመው ሰው እፈልጋለሁ።

ሴትዮዋ ፈንታነሽ ትባላለች፤ የሞጣ ሰው ናት። አንድ ጊዜ ሞጣ ተዝካር ተጠርቼ ሄጄ፣ እንደ ልማዴ እገሌ የእገሌ እያልኩ ሳወራ፣ ፈንታነሽ ጠላ እየቀዳች «ወይ ጉድ! ዘር የሌላት ዘር ትቆጥራለች» አለች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ለጨዋታ ብላ ነው፤ ወዲያው ለእኔም ሞልታ ቀዳችልኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያን ሳቅ ግን አልረሳሁትም። ስንት ዓመት ሙሉ መንገድ ስሄድ ይመጣብኛል፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ይመጣብኛል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ለእኔ ማጭዱን ያዋሰኝ ሳያውቀው የፈንታነሽ ልጅ ነው።

ልጁ ይበልጣል ይባላል። አስተማሪ ሆኖ ቢቸና ተመደበ። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ዓይን አፋር ልጅ ነበር። ስማቸው የሚባል የእህል ነጋዴን ልጅ፣ ይታይሽን፣ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ይታይሽ አባቷ መጋዘን በር ላይ ቆማ ጤፍ ስታስመዝን ድምፅዋ እኔ ደጅ ድረስ ይሰማ ነበር። ከገበሬ ጋር ተከራክራ የማትረታ፣ ደግሞ ወዲያው የምታስቀው ልጅ ናት። ስማቸውም ልጁን አልጠላውም። ከሞጣ ሽማግሌ ሲላክበት እንዲያውም ደስ አለው። «ትርንጎ ትምጣና ትቁጠርልን፣ ከዚያ እንጨርሳለን» አለ።

ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ቄሱ መሀል ናቸው፤ ሁሉም አፍ አፌን ያያል። የይታይሽን ቆጠርኩ፤ እስከ ሁለቱ መገናኛ፣ እስከ ይትባረክ፣ ስምንት። ትክክል ነው። የይበልጣልን ጀመርኩ። «ይበልጣል የፈንታነሽ» ስል ያ ሳቅ መጣብኝ። ፈንታነሽ የካሳ፣ ካሳ የትሁን፣ ትሁን የገላዬ። ገላዬ የአስካለ ናት። አስካለን ዋጥኳት። «ገላዬ የእንግዳ» ብዬ አለፍኩ። አስካለ አንድ ልጅ ብቻ ወልዳ በአራስነቷ የሞተች ሴት ናት፤ ስሟን አጥርቶ የሚያውቅ ቢኖር እኔ ነኝ። ምራቄን የመዋጥ ያህል እንኳ አልከበደችኝም። ስምንት የነበረው ሰባት ሆነ። ቄሱ ራሳቸውን ነቅንቀው «ሰባት ከሆነማ አይቻልም፣ ልጆቼ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ምንም ሳይቀምሱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ልጆቹን ልጎዳ አስቤ ነበር? አልነበረም። እኔ የፈለግሁት ፈንታነሽ ቢቸና ድረስ መጥታ፣ ደጄ ላይ ቆማ «ትርንጎ፣ እባክሽ ደግመሽ አስቢልኝ» እንድትለኝ ነው። ያኔ ግንባሬን ይዤ ጥቂት አስብና «ውይ፣ አስካለን ረስቻት!» እላለሁ። ልጆቹ ይጋባሉ፤ እሷም ለዘሯ ስትል ዘር የሌላትን ሴት ለምና ትመለሳለች። በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲህ ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር። በየቀኑ በሩን አያለሁ፤ አልመጣችም። ለምን እንዳልመጣች የሰማሁት ኋላ ነው። ልጇ ሲያለቅስባት «ትርንጎ ከቆጠረችው አለቀ፣ እሷ አትሳሳትም» ብላው ኖሯል። ያቺ የጠላኋት ሴት ከሰው ሁሉ አብልጣ ታምነኝ ነበር።

የመጣችው ይታይሽ ናት።

«እትዬ ትርንጎ፣ እንደገና ይቁጠሩልኝ» አለችኝ። ቁጭ በይ ብላት እንቢ አለች፤ እንደቆመች ቆጠርኩላት። እሷ በጣቶቿ ትይዛለች። ገላዬ ላይ ስደርስ አቆመችኝ።

«ከገላዬ በላይ አስካለ የሚባሉ ነበሩ ይላሉ፣ የይበልጣል አያት፣ አባ ካሳ።»

«ካሳ አርጅቷል። የትናንቱንም አያስታውስ።»

«እርስዎ ግን ያስታውሳሉ» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ምን ነበረበት? «አዎ ልጄ፣ ረስቼ ነው» ብል ምን ነበረበት? በሩ ክፍት ነው፣ ሰው የለም፣ እሷና እኔ ብቻ ነን። እኔ ግን ምን አሰብኩ? ፈንታነሽ አልመጣችማ አልኩ! ደግሞስ ትርንጎ ተሳሳተች ቢባል ነገ ማን ይጠራኛል አልኩ። በላይዋ ላይ ጮህኩባት። «አንቺ ከእኔ ልታውቂ ነው? ወንድምሽን ካላገባሁ ብለሽ ልትሞቺ ነው?» አልኳት። ልትሞቺ ነው አልኳት! ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መልሼ አልያዝኩትም።

«እሺ፣ እትዬ» ብላ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ሰድባኝ ብትሄድ ይሻለኝ ነበር።

ስማቸው ልጆቹ አሁንም እንደሚገናኙ ሲሰማ እሷን ከቤት እንዳትወጣ ከለከላት። መናኸሪያ ላሉትም ሁለቱን አንድ ላይ እንዳያሳፍሩ ነገራቸው። ስለዚህ ተያይዘው ጠፍተው በእግራቸው ወጡ፤ ጉንደ ወይን ደርሰው መኪና ሊይዙ፣ ከዚያ ሞጣን አልፈው ባሕር ዳር ሊገቡ። ነሐሴ ነበር። ላይ አገር ዘንቦ መንገዳቸው ላይ ያለው ወንዝ ሞልቷል። ማዶ ያሉ ገበሬዎች «ቆዩ፣ ይጎድላል!» ብለው ጮኸውላቸው ነበር። ሰው የሚከተላቸው መስሏቸው ይሆናል፣ አልቆዩም። ሲገኙ እጅ ለእጅ በመቀነቷ ተሳስረው ነበር። ልጁን ሞጣ ወስደው ቀበሩት፣ እሷን ቢቸና። እኅትና ወንድም ናቸው ተብሎ በአንድ ቦታ እንኳ አላረፉም።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ዳኛ ሆነ። አንዱ በስማቸው ይፈርዳል፣ ልጁን ቆልፎ ባያስቀምጣት ይላል። ሌላው በይበልጣል ይፈርዳል፣ አስተማሪ ሆኖ ይላል። ሌላው በወንዙ። በእኔ የፈረደ አንድ ሰው የለም። «ትርንጎ እኮ ተናግራ ነበር» አሉ። «ደም አይዋሽም፣ እግዜር አልወደደውም» አሉ። ፈንታነሽ ከሞጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «ትርንጎዬ፣ አንቺስ ነግረሽን ነበር፣ እኛ ነን ልጃችንን ያልያዝነው» ብላ አለቀሰች። እኔም አቅፌ አባበልኳት። እጄ ጀርባዋን ሲያሻሽ ትዝ ይለኛል፤ እንዴት አልደረቀም? ከዚያ በኋላ ስሜ ገነነ። ከመርጡለ ማርያም፣ አልፎም ከደብረ ኤልያስ ድረስ ቁጠሪልን እያሉ የሚመጡ ነበሩ። እኔም ቆጠርኩ። አንድም ስም ሳልዘል ቆጠርኩ፤ ያን ማረሚያ አድርጌው ነበር። ፈንታነሽ ሳልነግራት ሞተች።

የቀረው የልጅቷ አባት ስማቸው ነው። አርጅቷል፤ መጋዘኑን ሸጦ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይውላል። በዓል በመጣ ቁጥር ልጠይቀው ስሄድ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኛል።

«ትርንጎ፣ ሰባት ነበር አይደል?»

«ሰባት ነው፣ ስማቸው።»

«እንግዲህ ሕግ ነው። እኔ ምን ማድረግ እችል ነበር?» ይልና በረዥሙ ይተነፍሳል።

በዚህች ምርኩዝ ነው ቆሞ የሚሄደው። ብነግረው ምርኩዙን መንጠቄ ነው እያልኩ ዝም አልኩ። ለእሱ አዝኜ ነው? ውሸት! ትርንጎ ዋሾ ናት እንዳይባል ነው። ለእሱ አዝኜ ቢሆን ኖሮ ከበረንዳው ወርጄ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የእኅቴ የልጅ ልጅ ሕይወት፣ እኔ ዘንድ ሆና የምትማረው፣ ከትምህርት ቤት አንድ ክርክር ይዛ መጣች። የድሮ የባሕር ማዶ ተውኔት አንብበው ኖሯል። በቤተሰቦቻቸው ጠብ የተነሣ ሁለት የሚዋደዱ ልጆች ይሞታሉ፤ ጥያቄው «ለሞታቸው ተጠያቂው ማን ነው?» ነው። ሽንኩርት እየላጥኩ፣ እሷ ከጓዳ ሳሎን እየተመላለሰች ስትለማመድ እሰማለሁ። አንዴ አባቶቹን ትከሳለች፣ አንዴ የልጆቹን ችኮላ፣ አንዴ በስውር የረዷቸውን።

«እማማ፣ እርስዎ ቢሆኑ በማን ይፈርዳሉ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ! ሂጂ ትምህርትሽን አጥኚ።»

«አይ፣ ግራ ገብቶኝ እኮ ነው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ጥፋት አለበት። ታዲያ ማንም አልገደላቸውም ማለት ነው?»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ዓይኔ በሽንኩርቱ ያለቀሰ መሰላት፣ ውሃ አመጣችልኝ። እኔም እኮ ይህንኑ ስል ነው የኖርኩት። ስማቸው ቆለፈባት፣ ልጁ ይዟት ጠፋ፣ ሰማዩ ዘነበ፤ እኔ አንዲት ስም ብቻ። ጥፋቱን እንደ ቅርጫ ሥጋ አከፋፍዬ ለራሴ ትንሿን መደብ አንሥቼ ኖሬያለሁ። በሬውን ያረደ ማን ሆነና? ያቺ ስም ከአፌ ብትወጣ ማን ይቆልፍ ነበር? ማን ይጠፋ ነበር? ወንዙ ቢሞላስ ምን አገባቸው፣ ሰርግ ተደግሶላቸው ቤታቸው ተቀምጠው?

ትናንት ከቅዳሴ መልስ ስማቸው ዘንድ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ «ትርንጎ፣ ሰባት ነበር» ብሎ ሲጀምር «ስምንት ነበር» አልኩት።

«ምን?»

«ስምንት ነበር፣ ስማቸው። አንድ ስም አውቄ ዋጥኩ። ለፈንታነሽ ቂም ብዬ ዋጥኩ።»

ቆጠርኩለት፤ አስካለን ቦታዋ መልሼ። በከዘራው ይለኛል ብዬ ነበር። ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር። መሬት መሬቱን አየ።

«እንደገና ቁጠሪው» አለኝ።

የይታይሽ ቃል ነው! የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ቆጠርኩ። ጣት ጣቱን እየያዘ ተከተለኝ። አስካለ ላይ ስደርስ ያቺን ጣት ጨብጦ አልለቃት አለ።

«ይህን ስም ይታይሽ ነግራኝ ነበር» አለኝ። «‹አባዬ፣ አስካለ የሚባሉ ነበሩ አሉ፣ ሌላ ሰው ይቁጠርልን› አለችኝ። ትርንጎ አትሳሳትም ብዬ በጥፊ መታኋት።»

ይቅር በለኝ አላልኩትም፤ በየትኛው አፌ? ተነሥቼ ስወጣ ጣቱን እንደጨበጠ ነበር።

ያቺ ጥፊም የእኔ ናት። እሱ ድርሻዬ ነው ቢልም አልሰጠውም፤ እጁ የተነሣው በእኔ ስም ነው። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ያልወለደ አንጀት ስለሆነ ነው ብላችሁም አትዘኑልኝ፤ ያልወለዱ ስንት ደጋግ ሴቶች አሉ፣ በእነሱ ላይ አታሳብቡብኝ። የፊታችን እሑድ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ፤ ከዚያ ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። እስከዚያ ብሞት ግን ቁጥሩ አብሮኝ እንዳይቀበር እናንተ ያዙልኝ። ይበልጣል የፈንታነሽ፣ ፈንታነሽ የካሳ፣ ካሳ የትሁን፣ ትሁን የገላዬ፣ ገላዬ የአስካለ፣ አስካለ የእንግዳ፣ እንግዳ የወልዴ፣ ወልዴ የይትባረክ።

ስምንት ነው። ልጆቹ ባዳ ነበሩ።