አክስቴ የሸለመችው ዘፋኝ

ትናንት ጥርስ ሐኪም ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ ያ እየተንሸራተተ የሚያለቅሰው ጊታር ተሰማኝ። ወዲያው የፈሰሰ ቢራና የተጠበሰ ሽንኩርት ሸተተኝ። ስሜ ሲጠራ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሰው አገር፣ ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአክስቴ ጋር ነበር የምንኖረው፤ ነፍሷን ይማርና። ወንድሜ ቀን የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይውልና ማታ መታጠቢያ ቤት ቆልፎ የካንትሪ ዘፈን ይለማመዳል። ፍቅሩ የጀመረው አዲስ አበባ ሳለን፣ ከጎረቤት ካሴት ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችን አክስቴ ግን፣ «እኔ ቤት አዝማሪ አይበቅልም» ብላ ቆርጣለች። እሱ ደግሞ ከእሷ ተደብቆ መዝፈን አንገሸገሸው። አንድ ቀን ትስማኝና የፈለገችውን ትበል አለኝ።

አንድ የሰኔ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ አክስቴን እራት ልጋብዝሽ ብሎ ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ወዳለች ጠባብ ባር ወሰደን። የዚያን ቀን መድረኩ መዝፈን ለፈለገ ሁሉ ክፍት እንደሆነ ለእኔ ብቻ ነግሮኛል። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ባለባርኔጣዎቹን ሽማግሌዎች በጎሪጥ ታያለች።

ወንድሜ መጣሁ ብሎ ተነሣና መድረክ ላይ ከባሩ ጊታሪስት ጎን ወጣ። ዘፈኑ እናቱን ሳይሰናበት ስለሄደ ልጅ ነበር። መጀመሪያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ኋላ ግን ተከፈተ፣ ቤቱን ሞላው። «ማዘር» የምትለዋን ቃል አክስቴም ታውቃታለች።

ብድግ አለች። አለቀልን አልኩ። እሷ ግን በሩን ትታ ወደ መድረኩ ወጣች፤ ከቦርሳዋ ዶላር አወጣች፣ በምራቋ አርጥባ ግንባሩ ላይ ለጠፈችለት። አገር ቤት ሠርግ ላይ ያለች መስሏት እንደሆነ እንጃ። የጊታሪስቱ እጅ አየር ላይ ቀረ። ወንድሜ ብሩ እንዳይወድቅበት አገጩን ቀና አድርጎ ያለ ጊታር ቀጠለ። አንድ ባለባርኔጣ ሽማግሌ ጥቂት አሰበና ተነሥቶ የራሱን ዶላር ላሰ። ከዚያማ ሰልፍ ሆነ። እኔም እልልታዬን ለቀቅሁት። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ስንመለስ አክስቴ መኪናውን ከሚነዳው ወንድሜ ጎን ተቀምጣ ነጠላዋን ደጋግማ አጣፋች።

«አገር ቤት ለሰው እንዳትናገሩ» አለች በመጨረሻ።

«ኦኬ፣ አክስቴ» አላት ወንድሜ።

ትንሽ ቆይታ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ፣ ዜማውን በቀስታ ማንጎራጎር ጀመረች። ቤታችን በር ላይ ደርሰን ነበር። ወንድሜ ሳያቆም አለፈና ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረ።