የሰማያዊ ቁምጣው መርዶ

ሬስሊንግ ውሸት ነው የሚለኝ ሰው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አሸናፊው ቀድሞ እንደሚወሰን እኔም አውቃለሁ፤ ካዛንቺስ ነው ያደግሁት፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን ያ መቶ ምናምን ኪሎ ሰውዬ ከገመዱ ላይ ዘሎ በጀርባው ሲያርፍ፣ ጀርባው ስለ ስምምነቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ያመዋል። እኔን የሚያስጠላኝ ወሬያቸው ነው፤ ማይክ ይዘው ሲፎክሩ ግማሽ ሰዓት ያልቃል። ዳኛውም ወንበር ሲወረወር ሁልጊዜ ፊቱን አዙሮ ነው የሚገኘው።

አባዬ ይህን ሁሉ እንከን አያይም ነበር። ከረባቱን ሳያስር ቢሮ የማይሄድ፣ ቤትም ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ካለው ካሴት ቤት የተከራየነውን የሬስሊንግ ካሴት ቪዲዮ ዴኩ ውስጥ ከቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። የሱ ሰው ሰማያዊ ቁምጣ የሚለብስ፣ ቦርጫም፣ መላጣ ተጋጣሚ ነበር። በቤታችን ስሙ ሰማያዊ ቁምጣ ነው። ሁልጊዜ ይደበደባል። ዳኛው አንድ፣ ሁለት ብሎ ሦስት ሊል ሲል ትከሻውን ከወለሉ ያነሳል። ያኔ አባዬ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል።

እናቴ በልጅነታችን ሞታለች። ጦርነቱ ሲነሳ ታላቅ ወንድሜ ዘመተና ሶፋው ላይ እኔና አባዬ ቀረን። እኔ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀሁ ነበር። መጀመሪያ ላይ ከግንባር ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ በኋላ ቆመ። ስጠይቀው አባዬ «መንገዱ ነው፣ ፖስታ አያሳልፍም» ይለኛል። አመንኩት።

በዚያው ሰሞን አንድ አመል አመጣ። ሰማያዊ ቁምጣ ተሸንፎ ሦስት ሲቆጠርበት ሪሞቱን ያነሳና ካሴቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሁለት ላይ ትከሻውን ያነሳበትን ቦታ ደግሞ ያያል፣ ከዚያ ያጠፋዋል። «አላለቀም እኮ፣ አባዬ» ስለው «ይበቃል» ይላል። ሽንፈት የማይቀበል ግትር ደጋፊ ሆነ ብዬ አኮረፍኩት። ካሴት አከራዩም ክሩ ላላብኝ ብሎ ተነጫነጨ።

አንድ ቀን ካሴት ልመልስ ስሄድ አከራዩ ከዓረብ አገር የመጣ መጽሔት አሳየኝ። ሰማያዊ ቁምጣ ሞቷል። ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ጋ የሚደርሱት ካሴቶች የቆዩ ናቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአባዬ ጎን መቀመጥ ፈራሁ። የሞተ ሰው ላቡን ይጠርጋል፣ ለሕዝቡ እጁን ያውለበልባል። አባዬ «ተነስ! ተነስ እንጂ!» እያለ ይጮኻል። ሰውዬውም ይነሳል። ሻይ ላፈላ ብዬ ወጣሁ።

አባዬ የሰውዬውን መሞት እንዳልሰማ ለአከራዩ ስነግረው አሰብ አደረገና «ጋሼ ደም ብዛት አለባቸው። መንገድ ላይ አንዱ ወሬውን ቢያፈርጥባቸውስ? በቃ፣ በወጉ መረዳት አለባቸው» አለኝ።

«መርዶ ልትነግረው?» አልኩት።

«እሁድ በጠዋት እመጣለሁ። ጋቢዬን ለብሼ።»

ግማሹ ቀልድ ነበር፣ ግማሹ ግን ለአባዬ ማሰብ ነው። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ከረምኩ።

እሁድ ገና ሳይነጋ ነጠላዬን ተከናንቤ ዳቦ ልገዛ ስወጣ አከራዩ የአጥሩ በር ላይ ቆሟል። ጋቢውን እስከ አገጩ ተጀቡኗል። ፊቱን ደግሞ የእድር ሊቀመንበር አስመስሎታል። ሳቄ መጣ። አብረን ስንገባ አባዬ ሬዲዮ እየነካካ ነበር። ሳቄን መያዝ አቃተኝና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል።

«ጋሼ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ» አለ አከራዩ።

አባዬ አልተቀመጠም። ጋቢውን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ማን ነገራት?» አለ። «ፈተናዋን እስክትጨርስ ብዬ እኮ ነው የደበቅኳት። ጓደኛው ቆስሎ ሲመለስ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ነገረኝ። እጁ ላይ ነው ያለፈው። ይኸው አራት ወሩ።»

እኔ ነጠላውን ከፊቴ ማውረድ ፈራሁ። ወንድሜ መሞቱን የሰማሁት እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ጮህኩ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ድንኳን ተተከለ። አባዬ አራት ወር የያዘውን ለቅሶ በሦስት ቀን አለቀሰው። አከራዩ ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሲያመላልስ ሰነበተ፤ ዓይን ለዓይን ግን አልተያየንም። እኔ ያን ጊዜም ያሳበደኝ፣ ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ እነዚያ ቅዳሜዎች ናቸው። አጠገቡ ተቀምጬ፣ ካሴቱን ለምን ትመልሰዋለህ እያልኩ ነው የተነጫነጨሁበት።

ስለ ሰማያዊ ቁምጣ ሞት ማንም አልነገረው። አባዬም እስኪሞት ድረስ፣ የወንድሜ ነገር በተነሳ ቁጥር ለሰው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነበረው። «ያን ጠዋት ይቺ ልጅ እያለቀሰች ስትገባልኝ ነው የቀለለኝ» ይላል። ጭንቅላቴን እነቀንቅለታለሁ። እየሳቅኩ ነበር የገባሁት።