ወደ ኋላ የሚጋልበው ፈረስ

ጋሽ ዘሥላሴ ግትር ናቸው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ አዲስ መጪ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ሠርተናል፤ እሳቸው በቡሩሽ ማስታወቂያ ይጽፋሉ፣ እኔ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ስቲከር አትማለሁ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እያልኩ ስተርባቸው፣ "ወረቀቱን የምትሸጪው አንቺ ነሽ፣ መቅደስ" ይሉኛል።

ሙያውን የተማሩት ወታደር ቤት ነው። በቀድሞው ሠራዊት የአንድ ብርጌድ ዓርማ ሠሪ ነበሩ። ዓርማው የሚዘል ነብር ነበር፤ ነብሩን በኡራሉ የጭነት መኪና በር፣ በውሃ ቦቴው ሆድ፣ በጥይት ሳጥኑ፣ በካምፑ መግቢያ ሰሌዳ፣ በወጥ ቤቱ በርሜል ላይ ሳይቀር ሥለውታል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከሐኪም ቤት የተጣለ የራጅ ፊልም በምላጭ በነብሩ ቅርጽ ይቆረጥና በሩ ላይ ተለጥፎ ቀለም ይቀባበታል። አንድ ሕግ ግን አለው። አውሬው ሁልጊዜ መኪናው ወደሚሄድበት ማየት አለበት። ስለዚህ የግራውን በር ጨርሰህ ወደ ቀኙ ስትዞር ፊልሙን ትገለብጠዋለህ። ካልገለበጥከው ነብሩ ወደ መኪናው ጭራ ይሮጣል፤ ያ ደግሞ የሸሸ ነብር ነው።

ይህን ያወቁት ተሳስተው ነው። ገና በሃያ ዓመታቸው፣ በአንድ ሻምበል ጦር መኪኖች ሁሉ ቀኝ በር ላይ የሸሸ ነብር ሣሉ። አዛዡ አልጮኸባቸውም። ምላጭ ሰጥቶ "ፋቅ" ብቻ አላቸው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሲፍቁ ዋሉ። ሠራዊቱ በፈረሰበት ዓመት፣ የብርጌዱ ሰው አብዛኛው ሜዳ ላይ ቀርቶ፣ ነብሩን ከተረፉት መኪኖች ላይ እንዲፍቁ የታዘዙትም እሳቸው ናቸው። "ያን ቀን አለቀስኩ" ይላሉ፤ አይደብቁም።

ሁለታችንም የምንሠራባቸው ሱቆች የቴዎፍሎስ ናቸው። ቴዎፍሎስ እህል ነጋዴ ነው፤ ከእነዋሪ ስንዴ የሚጭንበት አይሱዙ አለው። ባለፈው ጥቅምት መጣና በስልኩ ፎቶ አሳያቸው። የአንድ ክፍለ ጦር ዓርማ ነው፤ የሚጋልብ ፈረስ።

"ጋሽ ዘሥላሴ፣ ይቺን በሁለቱም በር ላይ ያድርጉልኝ። ኬላ ላይ ግማሽ ቀን እየቆምኩ ተቸገርኩ። ዓርማ ያለውን መኪና ማን ያስቆመዋል?"

"የክፍለ ጦሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አለህ?"

ሳቀ። እኔም በሱቄ በር ላይ ቆሜ አብሬው ሳቅሁ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

"አንተ ያገለገልክበት ጦር አይደለም" አሉት፤ "እኔም ያገለገልኩበት አይደለም። ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀም።"

ሲሄድ ልመክራቸው ገባሁ። "ጋሼ፣ ፈረስ እኮ ነው! ሥለው ይገላገሉ። በዚህ ዕድሜዎ ሌላ ሱቅ ከየት ያገኛሉ?"

"ስሚ መቅደስ። ኬላ ላይ የቆመው ልጅ ፈረሱን ሲያይ ወገኔ ነው ብሎ ጠመንጃውን ዝቅ ያደርጋል። ዛሬ የሚያልፈው ስንዴ ነው። ነገ ምን እንደሚያልፍ አንቺ ታውቂያለሽ? ያን ልጅ በእኔ እጅ አላስገድለውም።"

እኔ ግን አላመንኳቸውም፤ ግትርነት ብቻ መሰለኝ።

ቴዎፍሎስ ሌላ ሰው ፈልጎ አሠራ። በማግስቱ ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ አይሱዙውን ሱቃችን ፊት አቆመ። የግራው በር ፈረስ ደኅና ነው። የቀኙ ግን ወደ መኪናው ጭራ ይጋልባል፤ ሠሪው ፊልሙን አልገለበጠውም። አንድ ጡረተኛ ወታደር መንገድ ላይ አይቶ ስቆበት ኖሮ፣ ቴዎፍሎስ ደንግጧል። ጡረተኛ ያወቀውን የኬላ ወታደር አያጣውም።

"ይቺን ያስተካክሉልኝ" አለ። "አይሆንም ካሉ ሰኞ ሱቁን እፈልገዋለሁ።"

ጋሽ ዘሥላሴ ወደ ውስጥ ገብተው ምላጭና ቀለም የሚያለቅቅ አኳራጅ የጠጣ ጨርቅ ይዘው ወጡ። እሺ ያሉ መስሎኝ እፎይ አልኩ። የቀኙን ፈረስ ከእግሩ ጀምረው እስከ ጋማው ፋቁት። ቴዎፍሎስም ተሳስቶ የተሣለውን የሚያነሱለት መስሎት ቆሞ ያያል። ነገሩ የገባው ወደ ግራው በር ዞረው የደኅናውን ፈረስ አንገት ሲጀምሩ ነው።

"ምን እያደረግህ ነው፣ አንተ ሽማግሌ?" እርስዎ ማለቱ ቀረ። እጃቸውን ጨምድዶ ያዘ፤ ገበያተኛው ከበበን።

ጋሽ ዘሥላሴ እጃቸውን ለማስለቀቅ እንኳ አልታገሉም። "ፖሊስ ጥራ" አሉት። "ምን እንደፋቅሁብህ አንተው ንገረው።"

የጦር ዓርማ ሰርቄ በመኪናዬ ላይ አሥዬ ነበር ይበል? ለቀቃቸው። ሥራቸውን ጨርሰው በሩን በደረቅ ጨርቅ አበሱትና ምላጩን በወረቀት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

ሰኞ ጠዋት የሱቃቸው ቁልፍ ተቀይሯል። ቡሩሾቻቸውና የቀለም ጣሳዎቻቸው ደጅ ላይ ተከምረዋል። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ከንፈሬን መጥጬ ቆሜ አየሁ፤ የእኔም በር በቴዎፍሎስ እጅ ነውና ፈራሁ። እሳቸው ጣሳዎቹን አንሥተው አስፋልቱን ተሻገሩ፤ ከመብራት ምሰሶው ሥር ጋቢያቸውን ደርበው ተቀመጡና የአንድ ምግብ ቤት ሰሌዳ ጉልበታቸው ላይ አድርገው መጻፍ ጀመሩ።

"ጋሼ፣ ይሄ ብርድ ይገድልዎታል" አልኳቸው ማዶ ተሻግሬ።

"ብርድ ከዚህ የባሰ አይቻለሁ። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ" አሉኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቴዎፍሎስ እኔ ዘንድ መጣ። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው፤ ፈረሱ ነው።

"መቅዲ፣ በስቲከር አትሚልኝ፤ ትልልቅ፣ ሁለት። ለዚህ ደግሞ ቡሩሽ አያስፈልግም። አንቺ ነገር የሚገባሽ ሰው ነሽ።"

የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ፈረሱን በአንድ ጠቅታ ይገለብጠዋል፤ የሚስቅበት ጡረተኛ አይገኝም፤ የኬላው ልጅም ከእውነተኛው አይለየውም። ልጁ ታየኝ። ምናልባት የእኔን ታናሽ ወንድም የሚያክል፣ ፈረሱን አይቶ ፈገግ ሲል፣ ጠመንጃውን ዝቅ ሲያደርግ። "ነገር የሚገባሽ" ያለኝም አንገበገበኝ። ለካ ያን ቀን አብሬው ስለሳቅሁ የገዛኝ መስሎታል።

"አላትምም" አልኩት።

"ሱቁን ትፈልጊዋለሽ አትፈልጊውም?"

የማተሚያውን ሶኬት ነቀልኩና ቁልፌን አውጥቼ ስልኩ ላይ፣ ፈረሱ መሀል አኖርኩለት። ማተሚያውን ታቅፌ ወጣሁ። ማዶ መብራት የሚሰካበት እንደሌለ ትዝ ያለኝ መሀል አስፋልት ላይ ስደርስ ነው፤ ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ፤ ግን አልተመለስኩም።

ጋሽ ዘሥላሴ ስመጣ አዩኝና የቀለም ጣሳዎቻቸውን ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።