ለቅሶዬን መጨረሻ ወንበር ድረስ ማድረስ

«ልጄ፣ ማልቀስሽ ከዚህ አይሰማም!» አሉኝ ዛሬ ጋሽ ወርቁ፣ ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ሆነው።

አትላስ አካባቢ የመድረክ ትወና እየተማርኩ ነው። እስካሁን የሠራሁት የቲቪ ድራማ ስለሆነ፣ ካሜራ አፍንጫዬ ስር ተደቅኖ ቀስ ብዬ ማልቀስ ነው የለመድኩት። አስተማሪያችን ጋሽ ወርቁ ግን ያለ ማይክ የግጥም ቴአትር ሲተውኑ የኖሩ ናቸው።

የምጫወተው ልጇን የቀበረች እናት ሆኜ ነው፤ ዛሬ ካልቻልኩ ሚናው ለሌላ ይሰጣል ተብያለሁ።

እንዲሰሙኝ ጮህኩ። አብረውኝ የሚማሩት በሳቅ ፈረሱ። (ለነገሩ የታክሲ ረዳት ነበር የምመስለው።)

«ይብቃሽ» አሉኝ።

«አይበቃኝም ጋሼ፣ አንዴ ልድገመው!»

«እንግዲያው አትጩኺ። ከሆድሽ ተንፍሺና ለእኔ ንገሪኝ።»

እያንዳንዱን ቃል እሳቸው ጋ አደረስኩት። የሳቀ የለም።

«ሚናው ያንቺ ነው» አሉ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ።

አሁን ጎሮ ሰፈር ቤቴ ገብቻለሁ። ጉሮሮዬ ነዷል፤ ነገም እሄዳለሁ።

እናንተስ፣ የምታውቁትን ሥራ እንደ አዲስ ስትማሩ ምን ገጠማችሁ?