ጉም ውስጥ የገባንበት እሑድ

ጎረቤታችን ሆና የመጣች ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ «ቻይናዋ» አላት። እሷ ግን ጃፓናዊት ነበረች፤ ያውም የከተማ ሰው አይደለችም፣ ተራራ ሥር ተሸጉጣ ክረምቱን በረዶ ከሚውጣት የገጠር መንደር የመጣች። በአንድ ሆስፒታል አዋላጆችን ታስተምር ነበር። መሥሪያ ቤቷ ቤት ያገኘላት ፒያሳ፣ እኔና እናቴ በምንኖርበት አሮጌ የመንግሥት ኪራይ ቤት ፎቅ ላይ ነው። የእሷና የእኛ በር የሚከፈተው አንድ የእንጨት ሰገነት ላይ ነበር። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ሁልጊዜ ቀድማኝ ወጥታለች፤ ክንዶቿን መደገፊያው ላይ አሳርፋ፣ በጊዮርጊስ በኩል የሚወርደውን ጉም የሚናገር ነገር ይመስል ታዳምጠዋለች።

ሃምሳውን የተሻገረች፣ ደቃቃ፣ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች ሴት ነበረች። አማርኛዋን የለመደችው ምጥ ከያዛቸው ሴቶች አፍ ስለሆነ፣ ለእሷ ዓለም ሁሉ «አንቺ» ነው። ጢሙ ደረቱ ላይ የሚወርደውን የግቢያችንን ዘበኛ «እንደምን አደርሽ?» ስትለው ሽማግሌው መጀመሪያ ሰሞን ያማትብ ነበር፤ ኋላ ግን ለምዶት፣ «እግዜር ይመስገን፣ ደህና አድሬያለሁ» ማለት ጀመረ። የአራዳ ጎረምሶች ይህን ከደረሱበት በኋላማ ማን ያስጥላት! ጥግ ላይ ቆመው ጠብቀው፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ ስድስት ወር ሆነኝ!» ይሏታል። እሷም ቆም ብላ፣ ፈገግ ሳትል፣ «ጎበዝ። ከባድ ዕቃ አታንሺ» ብላ ታልፋለች። እያወቀች ይሁን ሳታውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እኔ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ተልኳል። እሱ ከሄደ ወዲህ እናቴ ከቅዳሴና ከቀበሌ ስብሰባ በቀር ደጅ መውጣት ትታለች። ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጋ ከፍታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋድማ ትውላለች። «እስቲ ትንሽ ወጣ በይ» ስላት፣ «ወጥቼ እያለ ቢመጣስ?» ትለኛለች። ወንድሜ በኋላ መጥቷል፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከስቶና ዝምታ አብዝቶ። ያኔ ግን እንደሚመጣ የሚነግረን አልነበረም።

ጎረቤታችን የዕረፍት ቀኖቿን ቤት ውስጥ ማሳለፍ አትችልም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬን ታንኳኳለች።

«ተነሺ፣ እንሂድ።»

«የት ነው የምንሄደው?»

«ገና አላወቅሁም።»

የውጭ አገር ሰው ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከከተማ አይወጣም ነበር። ስለዚህ ከተማዋን እንደ አገር አድርጋ ትዞራት ጀመር። የመጣውን አውቶቡስ ተሳፍረን መጨረሻው ላይ እንወርዳለን፤ ከዚያ በማናውቀው መንገድ በእግር እንመለሳለን። እሑድ እሑድ በነዳጅ እጥረት ምክንያት መኪና የለም ማለት ይቻላል። ከምኒልክ አደባባይ ወደ አፍንጮ በር ስንወርድ የገዛ ኮቴያችንን እንሰማለን። የተዘጉት ሱቆች፣ ቀለማቸው የተላጠ መስኮቶች፣ በአጥር ላይ የተንጠለጠለ አበባ፣ ከአንዱ ቤት የሚወጣ የዳቦ ሽታ፤ ሁሉም የተኛ ይመስላል። ከዚህ ቀደም ሺህ ጊዜ ያለፍኩበት መንገድ ላይ ወደ ወንዝ የሚያወርድ የድንጋይ ደረጃ እንዳለ ያየሁት ከእሷ ጋር ነው። ተወልጄ ያደግሁባት ከተማ የሌላ ሰው ሕልም መስላ ትታየኝ ነበር፤ ጮክ ብዬ ብናገር የሚነቃ ሕልም።

አንድ ቅዳሜ ፍልውሃ ወሰድኳት። በመንደሯ ከመሬት እየፈላ የሚወጣ ውሃ እንዳለ ነግራኝ ስለነበር ደስ ይላታል ብዬ ነው። ወረፋ ጠብቀን በየክፍላችን ገባን። ከግድግዳው ወዲያ በአገሯ ቋንቋ ስታንጎራጉር ሰማኋት፤ ዝማሬው ከእንፋሎቱ ጋር ጣራውን ተሻግሮ ይመጣል። ስትወጣ ፊቷ ቀልቶ የሕፃን መስሏል።

«የእኛ አገር ግድግዳ የለም» አለችኝ። «ጎረቤት ሁሉ አንድ ላይ ይገባል። ራሳችን ላይ በረዶ ይወርዳል፤ ከአንገት በታች ሙቅ ነው።»

ማታ ይህን ለእናቴ ስነግራት አማተበች። «ጎረቤት ከጎረቤት? ራቁታቸውን?» አለች። ደግሞ፣ «እንዲያ ተያይተው ሲያበቁ ታዲያ በምን ይጣላሉ?» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ!

ያ እሑድ የመጣው በሐምሌ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ነበር። እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ እንደ ልማዷ ሬዲዮኑ ፊት ተቀምጣለች፤ ሬዲዮኑ ግን ጭጭ ብሏል። ጎረቤታችን ቦት ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። እናቴን አየች፣ ሬዲዮኑን አየች።

«ዛሬ እሷም ዝም አለች» አለች ሬዲዮኑን እያሳየች። «ነይ። አንቺም ነይ።»

እናቴ እጆቿን ከጭኗ ላይ አነሳች። ከዚያ ተነሳችና ጋቢዋን ደረበች።

«ስብሰባውስ?» አልኳት፤ ከሰዓት በኋላ የቀበሌ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበረባት።

«ዛሬ እንኳ ያለ እኔ ይሰብሰቡ» አለች።

በአውቶቡስ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄደን እንጦጦን በእግር ወጣን። ጭቃው ጫማ ይዞ ያስቀራል። ባሕር ዛፎቹ ከላይ የያዙትን ውሃ ጠብ ጠብ ያደርጉብናል። አቀበቱን ስንጨርስ ከተማዋ ከሥራችን ተዘርግታ ትታያለች ብለን ዞር ስንል ከተማ የለም፤ ነጭ ብቻ ነው። ጎረቤታችን እጆቿን ዘርግታ «የእኛ መንደር!» አለች። «ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው።» ከዚያ ተራምዳ ገባችበት። እኛም ተከተልናት።

ምን ያህል እንደሄድን አላውቅም። ዛፎቹ አንድ አንድ እያሉ ከጉሙ ውስጥ ይወጣሉ፤ ስናልፋቸው ተመልሰው ይጠፋሉ። ድምፃችን ራሱ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። ዳገቱ ቁልቁለት ሆነ፣ ዛፉ አለቀ፣ እግራችን ሣር ላይ አረፈ። የመጣንበትን መንገድ ብንፈልገው የለም። እኔ ፈራሁ፤ የእንጦጦ ጅብ በቀንም ይወጣል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ጎረቤታችን እንኳ ቆማ ወዲያ ወዲህ ማየት ጀመረች። ያን ጊዜ እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች።

«የሰው ያለህ! የሰው ያለህ!»

ያን ያህል ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ጉሙ ዋጠውና ዝም አለ። ደግማ ተጣራች። ከብዙ ዝምታ በኋላ በስተግራችን የውሻ ጩኸት፣ ቀጥሎም የአሮጊት ድምፅ በኦሮምኛ መለሰ። እናቴ ከልጅነቷ የቀራት ጥቂት ኦሮምኛ ነበራት፤ በእሱ እየተጠራሩ ድምፅ ለድምፅ ተገናኙ።

ሴትዮዋ ብቻቸውን ከሁለት ጥጃዎች ጋር የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ ሳይሉ እሳት ዳር አስቀመጡን። ጎጆው ውስጥ የኩበት ጢስና የጥጃ ትንፋሽ ይሸታል። ጋቢያችንን አስወልቀው ከምሰሶው ላይ ሰቀሉልን፤ በየጣሳው ትኩስ የአጃ አጥሚት ሰጡን። ጎረቤታችን ግን አልጠጣችም። የአጥሚቱን እንፋሎት ትመለከታለች።

«አልጣፈጠዎትም?» አልኳት።

«ጣፍጧል» አለች። ከዚያ በተሰባበረው አማርኛዋ ቀስ እያለች ነገረችን። ልጅ ሳለች በአገሯ ጦርነት ነበር፤ ታላቅ ወንድሟን ወሰዱት። እናቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማዕዱ ለእሱም ድርሻውን ታቀርባለች፤ ትኩስ ሩዝ፣ በክዳን ከድና፣ እሱ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ። ቤተሰቡ በልቶ ሲጨርስ እናቲቱ ክዳኑን ገልብጣ ታያለች። የእንፋሎት ጠብታ ከያዘ ልጁ ደህና ነው ማለት ነው።

እናቴ ጣሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ይይዝ ነበር?»

«ትኩስ ነው እኮ» አለች ጎረቤታችን። «ሁልጊዜ ይይዛል።»

«መጣ?»

«አልመጣም።»

ባልቴቲቱ ምን እንደተባለ ጠየቁና እናቴ በኦሮምኛዋ አስረዳቻቸው። ስትጨርስ ግን አላቆመችም። ስለ ወንድሜ መናገር ጀመረች። ሕፃን ሳለ ከሰገነቱ ላይ የእርግብ ላባ ሊይዝ ብሎ ሊወድቅ እንደነበረ፣ ሽሮ ሲያይ እንደሚያኮርፍ፣ የሄደ ቀን ቁርሱን ትቶ እንደሄደ። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ታወራለች፤ ከእኔ ጋር አንድም ቀን ያላወራችውን። ባልቴቲቱ እሳቱን እየቆሰቆሱ «ውይ፣ ውይ» ይላሉ። ጎረቤታችን የእናቴን እጅ ይዛለች። ውጭ ጉሙ በሩን ሞልቶ ቆሟል። ያ ጎጆ ከምድር ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ እየተንሳፈፈ ያለ መሰለኝ፤ ወዴት ቢሄድም ግድ አልነበረኝም።

ጉሙ ሲሳሳ ሴትዮዋ ወደ ጎጃም መንገድ የሚያወጣንን አቅጣጫ አሳዩን። መኪና መንገዱ ላይ ስንደርስ ነው ኬላውን ያየነው፤ እኛ ያለነው ደግሞ ከኬላው ውጭ ነው። ሳናውቅ ከከተማ ወጥተናል ማለት ነው። መሣሪያ ያነገተ አንድ ወጣት ጥበቃ እጁን አነሳ።

«ቁሙ! ማዳም፣ ፈቃድ አለዎት?»

«የለኝም» አለች ጎረቤታችን። ፊቱን አየችና ጨመረች፤ «አይዞሽ።»

ልጁ ተቆጣ። «እኔን ነው አንቺ የምትለው?»

አዋላጅ እንደሆነች፣ አማርኛዋን ከወላዶች እንደተማረች ነገርኩት። አልሳቀም።

«ያለ ፈቃድ ምን ልታይ ወጣች? ከማን ጋር ተገናኘች?»

«ጉም ነው ያየነው» አልኩት።

«ጉም?»

«ጉም ብቻ።»

ወደ አለቃው ሊወስደን እንደሆነ ነገረን። እናቴ ጠጋ አለችው። ጫማው ጫፉ ላይ ተቀዶ ጣቶቹ ረጥበው ይታያሉ።

«አገርህ የት ነው ልጄ?»

ሊመልስ አልፈለገም፤ ግን መለሰ። «ደብረ ማርቆስ ማዶ።»

«እናትህ እዚህ መሆንህን ታውቃለች?»

የመሣሪያውን ማንገቻ ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ላክባት» አለች እናቴ። «ወደዚያ የሚያልፍ ሰው ባገኘህ ቁጥር ላክባት። ደህና ነው ይበሏት፤ ሌላ ምንም አይጨምሩ።»

ልጁ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ድርቆሽ የጫነ የጭነት መኪና መጥቶ ኬላው ላይ ሲቆም ሾፌሩን ጠራው። «እነዚህን እናቶች ከተማ አድርስልኝ» አለው። ለእኛ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አላየኋችሁም፤ አላያችሁኝም» አለን። ሦስታችንንም ደግፎ ድርቆሹ ላይ ያወጣን እሱ ነው።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። በጀርባችን ተኝተን ሰማዩ ከላያችን ሲሄድ እናያለን። ድርቆሹ ያለፈውን የጥቅምት ፀሐይ ይሸታል። በአዲሱ ገበያ በኩል ስንወርድ መብራት ተመልሶ ኖሮ፣ ከታች በጉሙ ውስጥ የከተማዋ አምፖሎች ተራ በተራ ይበሩ ጀመር። ቀና ብዬ ለእናቴ ላሳያት ስል፣ ራሷን ጎረቤታችን ትከሻ ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወስዷታል። ጎረቤታችን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ» አለችኝ።

በሳምንቱ ቀበሌ ጠራን። እናቴ ከስብሰባው የቀረችበትን ምክንያት ሲጠይቋት «አሞኝ ነበር» አለች።

«ምንሽን?»

«መቀመጥ።»

ሊቀ መንበሩ ቀና ብሎ አያት። የእሱም ልጅ ከወንድሜ ጋር ነበር የሄደው። እንግዲህ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ ብሎ አሰናበታት። ጎረቤታችንን ደግሞ መሥሪያ ቤቷ አስጠነቀቃት፤ ጉዳዩን ማን እንደነገራቸው አላወቅንም። ከዚያ ወዲህ ከከተማ አልወጣችም፤ ቅዳሜዎቻችን ግን አልቀሩም። ሥራዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ስትመለስ በዚያ ክፍል ሌሎች ሰዎች ገቡበት፤ ሰገነቱም የልብስ ማስጫ ሆነ።

እኔ ከእሷ በኋላ ብቻዬን መዞር አልሆነልኝም። እናቴ ግን ሆነላት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁርሷን ትቀምስና ጋቢዋን ደርባ ትወጣለች። አንድ ቀን ቆየችብኝና ልፈልጋት ወጣሁ። አፍንጮ በርን አየሁ፣ ወንዙን አየሁ፣ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ወረድኩ፤ የለችም። ተስፋ ቆርጬ ተመልሼ እንደተቀመጥኩ ደረጃውን ቀስ እያለች ስትወጣ ሰማሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሷል፣ ጉንጮቿ ቀልተዋል።

«የት ነበርሽ?» አልኳት።

«ወዲያ ነበርኩ» አለችና ወንበሩ ላይ ዘና ብላ ተቀመጠች። «እስቲ እግሬን የምነክርበት ውሃ አሙቂልኝ።»