የጀሶዋን ሴት በነጠላ ጠቅልዬ ከፒያሳ ስድስት ኪሎ

ጠዋት፣ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ

ጉድ መፍላቱን ያወቅኩት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በነጠላ የጠቀለልኩትን እግር ነክተው፣ «ውይ! ይቺ ልጅ እኮ በርዳለች!» ሲሉ ነው።

ሲጀመርም ሙቀት የላትም። የጀሶ ሐውልት ናት፤ ፈረንጆች ጥንት ከድንጋይ የጠረቧት ሴት ግልባጭ፣ ልጄ ለአዲሱ ሳሎኗ ያዘዘቻት። ቁመቷ እኔን ያህላል፣ ውስጧ ግን ባዶ ስለሆነ ቀላል ናት። እጅ የላትም። ከላይ ልብስም የላትም። ጎህ ሲቀድ ፒያሳ ከሠሪው ቤት ተሸክሜያት ስወጣ ጊዮርጊስ ድቅን አለብኝ። ራቁቷን ሴት ታቅፌ ልሳለም? ፈራሁ። በነጠላዬ ከራስ እስከ እግር ጠቅልዬ፣ እንዳይፈታ ሁለት ቦታ አሰርኩት። ሬሳ የሚገነዘው እንዲህ መሆኑ ትዝ ያለኝ ገና አሁን ነው።

«ነፍስ ይማር!» ብለው ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመሩ።

«ሬሳ ነው እንዴ?» አለ ከፊት የተቀመጠ ጎልማሳ። «ያለ ቄስ? በታክሲ? ገድላት ነው!»

ሰው አንዴ ከከበበ ማን ያስረዳል? መጀመሪያ ይመታሉ፣ ከዚያ ይጠይቃሉ።

አራት ኪሎ

ሹፌሩ ጥግ ይዞ ቆመና፣ «እናቴ፣ እስቲ ይፍቱት» አለኝ። ፈታሁት። ጡቷን እንዳሰጣች ብቅ አለች። ጎልማሳው ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ በጣቶቹ መሃል ግን ያያል።

«እጇንስ ማን ቆረጠው?»

«ሲሠሯትም የላትም!» ጭንቅላቷን አንኳኳሁት፤ እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ። ታክሲው በሳቅ ተናጋ።

«ሬሳ ብትሆን ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ትከበራለች። በሉ ውረዱልኝ» አለ ሹፌሩ።

ሴትዮዋም አብረውኝ ወረዱ። «እንባዬን አፍስሼባታለሁ፤ ሳልሸኛት አልመለስም።»

ወደ ስድስት ኪሎ፣ በእግር

እንደገና ጠቀለልናት፤ ራቁቷን የት ይኬዳል! እኔ በራሷ፣ እሳቸው በእግሯ ይዘን ዳገቱን ተያያዝነው። መንገደኛው እየቆመ ኮፍያውን ያወልቃል። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተከተሉን፣ ከዚያ ተማሪዎች፣ ከዚያ ዞሬ ማየት ፈራሁ።

«እናትየዋ ናት መሰለኝ። አታለቅስም እንዴ?» ይላል አንዱ።

«አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይጠረጥሩሻል» አሉኝ ሴትዮዋ በሹክሹክታ።

አለቀስኩ። ፍርሃቱ ስለነበረ እንባው አልቸገረኝም።

የልጄን በር በእግሬ ደበደብኩት። ከፍታ ሕዝቡን ስታይ ጮኸች፤ እሷ ስትጮህ ሁሉም ጮኹ። ሐውልቷም፣ ሴትዮዋም፣ እኔም ተያይዘን ገባን። ልጄ በሩን ቀረቀረችው።

«እማዬ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሐውልትሽን ይዤ ገብቻለሁ፤ ደህና ነኝ።»